በንጉሡ ሣ

ዓሣ ነባሪዎች ከተመለሱ ወዲህ ባሕር ላይ ሞተርም የሰው ድምጽም ክልክል ነው። ልጄ ትርሲት የምትኖረውም የምትሠራውም እነሱን ሊያዩ የሚመጡትን በሚያሳፍር ባለ ሸራ የእንጨት መርከብ ላይ ስለሆነ፣ ድምጿን ከሰማሁ ዓመት ሆነኝ። ከእሷ ጋር ለማውራት ብዬ በሃምሳ ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ።

ዛሬ መርከቡ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ፣ በሰሌዳዬ «ባሕሩ ያስፈራኛል፤ ቤት ግቢ» ብዬ ጻፍኩላት። ሳቀች፤ ሳቋም ድምጽ የለውም።

ወዲያው ከጎናችን ባሕሩ ተነሣ። ከመርከባችን የሚረዝም ጀርባ ወጣ፤ ትንፋሹ ፊታችንን አራሰው። እልል እንዳልል አፌን ያዝኩ።

የጻፍኩትን በነጠላዬ ጠርጌ «ዓሳ» ብዬ ጻፍኩ።

ትርሲት ጠመኔውን ተቀብላ፣ «እማዬ፣ ይሄማ በንጉሡ ሣ ነው» ብላ በትልልቁ ጽፋ ሰሌዳውን ሞላችው። ቤት ግቢ የምልበት ቦታ አልተረፈኝም።