በቄሳሩ ግንብ ውስጥ የቀሩት ሴትዮ

በስፕሊት ከተማ፣ ከጥንቱ የሮም ቄሳር ቤተ መንግሥት በቀረው ግንብ ውስጥ፣ አስጎብኚዋ ልጅ አንድ አረንጓዴ በር ፊት ቆመች። «እዚህ ግንብ ውስጥ በፊት ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ ሁሉም የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፤ የቀረ ነዋሪ የለም» አለች። ጎብኚዎቹ «አይ ጊዜ!» እንደሚል ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጠዋት ጀምሮ ዓምዱንም ቅስቱንም አብረው ሲዞሩ የነበሩት እማማ ፔሪና ግን አልነቀነቁም። አስጎብኚዋ እንዲህ እንደምትል የሰፈሩ ዳቦ ሻጭ ሹክ ቢላቸው ይህንኑ ቃል በጆሯቸው ሊሰሙ ነበር የመጡት። ልጃቸውም ሰሞኑን «ቤቱን ሽጪው እንጂ እማዬ፣ እዚያ ማን ቀረ?» እያለ ሲነዘንዛቸው ከርሟል።

«እኔስ፣ ልጄ? ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ።

«እማማ፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው» አለች ልጅቱ በትሕትና።

እማማ ፔሪና ሰዉን በክርናቸው ገፋ ገፋ አድርገው አረንጓዴውን በር ከፍተው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ከላይ መስኮቱ ተበረገደ። ሮማውያን በጠረቡት ድንጋይ ላይ በተተከለው መዘውር የተወጠረው የልብስ ማስጫ ገመድ ሲጥ ሲጥ እያለ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ አንሶላ፣ ቀጥሎ ድንኳን የሚያህለው የውስጥ ሱሪያቸው ከነውሃው በጎብኚዎቹ አናት ላይ ተንሳፈፈ። አንዱ ፎቶ አነሣ፤ ሌላው ማጅራቱን እየጠረገ ሣቀ።

አስጎብኚዋ ጉንጯ ላይ ያረፈውን ጠብታ ጠረገችና ቀና አለች። «ይቅርታ... እዚህ ቤት ሰው ይኖራል» አለች ቀስ ብላ።

«ጮክ በይ!» አሉ እማማ ፔሪና፣ የልብስ መቆንጠጫውን ከጥርሳቸው አውጥተው። «ከኋላ ያሉት አልሰሙሽም!»