ከየት እስከ የት
ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አስካለ ከልጇ ከርግቤ ጋር የድምፅ ማኅደር ገባች። በዚያ ዘመን የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ከልደት እስከ ሞት በቀን በቀኑ ተደርድሮ ዳታቤዝ ውስጥ በስሙ ይቀመጣል። ሰውየው ሲሞት ቤተሰቡ በአርባው ዕለት አንድ ወር ብቻ አስቆርጦ ይወስዳል፤ የቀረው ይሰረዛል።

«ከየት እስከ የት ልቁረጥላችሁ?» አለ ሠራተኛው። «ከዚህም ከዚያም መልቀም ግን አይቻልም።»

«እኔ የተወለድኩበትን ወር» አለች ርግቤ። «አባዬ እሹሩሩ ሲለኝ ልስማው፣ እማ።»

አስካለ አቀረቀረች። ባሏ ደምሰው ሲሞት እሷ ወፍጮ ቤት ነበረች።

«ጠርቶኝ እንደሆነስ፣ ልጄ? ሳልሰማው ልቅር?»

ርግቤ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞረች። «በቃ፣ የመጨረሻውን ወር ይቁረጡልን።»

እዚያው ቆመው የመጨረሻዋን ቀን አስከፈቱ። ረጅም ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ደምሰው ወደ ማድ ቤቱ ተጣራ።

«አስካልዬ! ዛሬ እንኳ ሽንኩርቱን እንዳታሳርሪው!»

ብቻውን ሳቀ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

«እቤት ያለሁ መስሎታል» አለች አስካለ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

የርግቤ እሹሩሩ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተሰረዘ።