ለአማች የተመረጠ ማንጠልጠያ

መካኒኩ ሐሙስ ጠዋት እህቱን ሊጠይቅ ሄደ። በሩን የከፈተችለት በግማሹ ነው። ግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ ከንፈሯ ላይ ደም ደርቋል። ትንሿ ልጇ ከኋላ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች።

ምን ሆነሽ ብሎ አልጠየቃትም። ባለፈው ክንዷ የተሰበረ ጊዜ ከደረጃ ወደቅኩ ብላው ነበር፤ ቤቷ ደረጃ የለውም።

ማድቤት ገብተው በሩን ዘግተው ብዙ አወሩ። ሲወጣ ክንዱን ያዘችው።

"ጋሼ፣ በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፤ እጅህን ደም እንዳታስነካው።"

እሱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ።

ንዴቱ በሰፈሩ የታወቀ ነው። አንድ ደንበኛ ጋራዡ ውስጥ ረዳቱን በጥፊ ቢመታበት፣ መንጋጋውን ሰብሮት ታስሮ ወጥቷል። እንዲህ ያለው ሰው ከእህቱ ቤት ወጥቶ በቀጥታ የሄደው የካምፕ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ነበር።

ሻጯ ከዛፍ ዛፍ ተወጥሮ የሚተኛበትን የጨርቅ አልጋ አወጣችለት። እሱ ጨርቁን እሺ ብሎ ወደ ጎን አደረገውና ከዛፍ የሚታሰርበትን ማንጠልጠያ እንድታሳየው ጠየቃት። የሚተኛው ሰው ጀርባውን ያመዋል፣ ሸክም አይወድም፤ ስለዚህ ቀለል ያለ ይሁን አላት።

መጀመሪያ ያሳየችው ሰፊ ጥብጣብ ነበር። ለማሰር ይመቻል፣ ግን ይከብዳል። ሁለተኛው ተጠቅልሎ ጭብጥ የማይሞላ ቀጭን ገመድ ነው፤ እሱ ደግሞ የዛፉን ልጥ ይበላል፣ ቋጠሮውም እያደር ይላላል። ሦስተኛው ከሁለቱም የተዳቀለ ነው፤ ዛፉን አጭር ጥብጣብ ያቅፈዋል፣ የቀረው ቀጭን ገመድ ነው፣ መሐላቸው ላይ የጣት ያህል ዘለበት አለ።

"ይሄ የሚበጠሰው ምን ሲሆን ነው?" አላት።

ሻጯ ቀና ብላ እጆቹን አየች። ጣቶቹ ጠባሳ በጠባሳ ናቸው። ስፌቱን ስለት ካልነካው እንደማይበጠስ፣ ዘለበቱ በደንብ ካልተሳበ ግን ሊንሸራተት እንደሚችል በቀስታ ነገረችው።

"የሚተኛበት እርስዎ ነዎት?"

"አማቼ ነው።"

የሰውየውን ክብደት ነገራት፤ እሱን የሚያህል ሌላ ሰው ቢጨመርም ይችላል አለችው። አላመናትም። ሦስተኛውን የሱቁ ምሰሶ ላይ አስሮ በሙሉ ክብደቱ ደጋግሞ ተንጠለጠለበት። ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ከፍሎ ሄደ።

ማታውኑ የእህቱ ባል ጋ ደውሎ፣ ተራራ ወጥተን እንደር፣ እንታረቅ አለው። የዕቃ መጋዘን አለቃ የሆነው ባልየው ደስ አለው። ፈራኝ ማለት ነው ብሎ አሰበ።

መካኒኩ ፒክአፕ መኪናውን ለጋራዡ ረዳቱ ትቶለት ስለነበር ዓርብ በአውቶቡስ ሄዱ። ከአስፋልቱ ወርደው ገደል ገደሉን ወጡ። ባልየው ከብርድ ልብሱ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። መንገዱን ሙሉ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳ፣ ኔትወርክ የሌለበት ምን ዓይነት አገር ነው እያለ አማረረ።

እሳት ዳር ሲቀመጡ መካኒኩ ስለ እህቱ ዓይን አነሳበት። ባልየው በቡጢ አፉን አለው። መካኒኩ ደምና ጥርስ ተፋ። ከዚያም ፍም ቆሰቆሰና እንጨት ጨመረ። በቀረው ጥርሱ ነክሶ ቻለው። የሰፈሩ ሰው ቢያይ ባላመነ ነበር።

አልጋውን የወጠረው ገደሉ አፋፍ ላይ ባሉ ሁለት ዛፎች መሐል ነው። እዚህ ነፋሱ ደስ ይላል አለው።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጥታ ባልየው ገና እያንኮራፋ ነበር። መካኒኩ ሴንጢውን ከፍቶ ከራስጌው ቆሟል። ዓይኑ ስፌቱ ላይ ነው። እንደዚያ ሆኖ ብዙ ከቆየ በኋላ ሴንጢውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ባልየው እኩለ ቀን ላይ ተነሳ። እንዲህ ተኝቼ አላውቅም አለ። ከበላ በኋላ ግን ሰለቸውና ብርድ ልብሱን መጠቅለል ጀመረ። ያቺ ሴት ብቻዋን ምን እንደምትሠራ አይታወቅም፣ ዛሬውኑ እገባለሁ አለ።

መካኒኩ መንገዱ ላይ ቆመበት። ባልየው ፍልጥ አንስቶ ትከሻውን መታው። አሁን መካኒኩም ሰነዘረ፤ የጎን አጥንቱን አገኘው። ተያይዘው ወደቁ፣ አፈር ላይ ተንከባለሉ፣ ተናከሱ። ባልየው ተስፈንጥሮ ሲነሳ እግሩ ከአፋፉ አመለጠው። እንደ ምንም አልጋውን ያዘ። ጨርቁ ወደ ገደሉ ተቀለበሰ፣ ዛፎቹ ተንቀጫቀጩ፣ የባልየው እግር አየር ላይ ተወዛወዘ።

ማንጠልጠያው አልተበጠሰም።

መካኒኩ ደም እየተፋ ወደ ዛፉ ተጠጋ። ዘለበቷ እጁ ሥር ናት። አንዴ ቢያላላት ነገሩ ያበቃል።

"በእናትህ…" አለ ባልየው።

መካኒኩ በደረቱ ተኛ፤ ኮሌታውን ጨምድዶ ጎትቶ አወጣው። የባልየው ቁርጭምጭሚት ወልቆ አብጧል። እንኳን ሊሄድ ሊቆምም አልቻለም። ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ተጋድመው ተነፈሱ።

"ለምን አወጣኸኝ?"

"ገና ቅዳሜ ነው" አለ መካኒኩ።

ባልየው ነገ ምን ሊያደርገኝ ነው እያለ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። የተኛበት አልጋ ግን እንደ ትናንቱ ተስተካክሎ ተወጠረለት።

እሁድ መካኒኩ ደግፎ አወረደው። ወደ ከተማ በሚመለሰው አውቶቡስ አሳፈረውና እሱ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄደውን ጠበቀ።

አመሻሹ ላይ ባልየው እያነከሰ ደርሶ በሩን በቁልፉ ከፈተ፤ አልጋም፣ ወንበርም፣ መጋረጃም በሌለበት ቤት ውስጥ ሚስቱን ቢጣራ የገዛ ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ መጣለት።