የጠፈሩ ኩንታል

አስራ አራተኛው ፍሬም ላይ የጋሼ ማሙሸት ግራ እግር ይንቀጠቀጣል። ወደ ኋላ እመልስና ደግሜ አየዋለሁ። ትናንት በስልኬ ስቀርጻቸው አላየሁትም ነበር። አንዷን ሰከንድ ሃያ አራት ቦታ ቆራርጬ ሳይ ነው የታየኝ፤ ጉልበታቸው ሊከዳቸው ይላል፣ እጃቸው ቶሎ ብሎ የደጃፉን ምሰሶ ይነካል፣ ከዚያ ጸንተው ይራመዳሉ። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰከንድ አይሞላም።

የምሠራው በርበሬ በረንዳ ጥግ ባለችው የወንድሜ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ደንበኛ ሲመጣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ሲሄድ ወደ ጠፈር እመለሳለሁ። ከዓመታት በፊት መሃል ላይ የተቋረጠ አንድ የጠፈር ተከታታይ ፊልም አለ። እኛ ወዳጆቹ በየአገራችን ተቀምጠን መጨረሻውን በኮምፒውተር አኒሜሽን እየሠራንለት ነው። ለእኔ የደረሰኝ የጠፈር ልብስ የለበሰ ሰው የዘር ኩንታል ተሸክሞ መርከብ ላይ ሲወጣ ነው። አስራ ሁለት ሰከንድ ናት፤ ስድስት ወር ፈጀችብኝ።

ከትናንት በስቲያ የቡድናችን መሪ ጻፈልኝ። ኩንታሉ አየር የሞላበት ይመስላል፣ እስከ ዓርብ ማታ ካልተስተካከለ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አለኝ። ዛሬ ዓርብ ነው። ንድድ አልኩ፤ ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ እውነቱን ስለሆነ ነው።

ጋሼ ማሙሸትም ያንኑ ነው ያሉኝ። ሠላሳ ዓመት ጫኝና አውራጅ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። መኪና እስኪመጣ እኔ ጋ መጥተው በቤቱ ውስጥ ያለችው አንዲት በርጩማ ላይ ይቀመጡና ይቀልዱብኛል። «ይሄ ሰውዬሽ ባዶ ነው የተሸከመው» አሉኝ ትናንት፤ ከዚያ ከጎረቤት ጨው መጋዘን አንድ ኩንታል ተሸክመው ደጃፌ ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመዱልኝ።

ጠዋቱን ሙሉ እርምጃቸውን ፍሬም በፍሬም ወደ ጠፈሩ ሰው ስገለብጥ ቆይቻለሁ። አሁን ላባቸውን እየጠረጉ ይገባሉ። «እስቲ የኔን ሰውዬ አሳዪኝ!»

አሳያቸዋለሁ። የጠፈሩ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ በእርሳቸው እርምጃ የመርከቡን መሰላል ይወጣል። ጋሼ ማሙሸት ጭናቸውን መታ ያደርጋሉ። «ይሄ ነው! አንገቱን አየሽው? አሁን ገና ተሸከመ!»

ከዚያ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ሳቃቸው ቀጥ ይላል።

«ድገሚው።»

እደግመዋለሁ።

«ያቺን እግር አስተካክያት» ይላሉ ቀስ ብለው። «ቃሊ ያያታል።»

ቃሊ የጫኞቹ አለቃ ነው። እዚህ ኩንታል ሥር የገባ ሰው ከበደኝ አይልም፤ ያለ ሰው ለሚቀጥለው መኪና አይጠራም። ጥፋቱ ደግሞ የኔ ነው። ጠዋት ደስ ብሎኝ ጫኞቹን በሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ ኑና እዩ ብያቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ፊቱ እኮ አይታይም። የመስተዋት ቆብ አድርጓል።»

«ልጄ፣ እኛ ሰው የምንለየው በፊቱ መሰለሽ? ኩንታል ሥር ፊት የለም። በአረማመዱ ነው የምንለየው።»

ጉልበቱን ቀጥ አደርገዋለሁ፣ እጁን ከመሰላሉ አነሳዋለሁ፣ ከአስራ አራት እስከ ሃያ ስድስት ያሉትን ፍሬሞች አለሳልሳለሁ። ከዚያ አስኬደዋለሁ። ሰውዬው መሰላሉን ሽው ብሎ ይወጣል። ኩንታሉ ጥጥ ሆኗል። የስድስት ወር ልፋቴ ሄደ። ግን የአንድ ሰው እንጀራ ነው።

«ተስተካከለ፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ስክሪኑን አተኩረው ያያሉ።

«ባዶ ነው የተሸከመው» ይላሉ። ዛሬ አይቀልዱም።

«ይሁን። ፊልም ነው።»

«የት የት ነው የምትልኪው?»

«ብዙ አገር።»

«እዚያ ተሸካሚ የለም?»

«ይኖራል እንጂ።»

«እንግዲያው ያውቅብናል።» በርጩማዋ ላይ ይቀመጡና ግራ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያሻሉ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። «ከፋሲካ ወዲህ ነው» ይላሉ። «ለሚስቴም አልነገርኳት።»

አንድ ደንበኛ ኮፒ ብሎ ይገባል፤ በኋላ ተመለስ እለዋለሁ። ጋሼ ማሙሸት ይነሳሉ።

«መልሺው» ይሉኛል።

«ቃሊስ?»

«ቃሊን ከፊት አስቀምጪው። እኔ አፌ አይለውም፤ እግሬን ራሱ ይየው።»

የጠዋቱን እመልሳለሁ። ሊያስቆሙኝ ይችላሉ ብዬ ቀስ እላለሁ፤ አላስቆሙኝም። ወዲያው ከውጪ የጫኞቹ ድምፅ ይሰማል። ሰባት ሆነው ይገባሉ፣ የበርበሬው ብናኝ አብሯቸው ይገባል፣ ሁሉም ያስነጥሳል። ቃሊን በርጩማዋ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጋሼ ማሙሸት ከሁሉም ኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

አስኬደዋለሁ። የጠፈሩ ሰው ገና ሁለት እርምጃ ሳይሄድ አንዱ «ማሙሸት!» ብሎ ይጮኻል፣ ሌሎቹም ይስቃሉ። ከዚያ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ እጁ መሰላሉን ይይዛል፣ ይጸናል፣ ይወጣል። ኩንታሉ ኩንታል ነው። አሁን የሚስቅ የለም።

«እስቲ ድገሚው» ይላል ቃሊ።

እደግመዋለሁ። እግሩ ሲንቀጠቀጥ ቃሊ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ይነሳል፤ የተቀመጠባትን በርጩማ ከኋላው ላለው ያቀብላል፣ እርሱም ለሌላው፣ እጅ በእጅ እየተቀባበሏት ግድግዳው ጋ ትደርሳለች።

ጋሼ ማሙሸት ይቀመጣሉ።