የወደቡ ሣጥን

ርሆቦት በዛገው ክሬን መሰላል ላይ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ፣ ሌላውን በብረቶቹ መሐል አስገባች። ጣቶቿ ቆርቆሮ ነኩ። ከበታቿ፣ ድሮ የብረት ጀልባ ይጠገንበት የነበረው የጣና ወደብ ግማሹ በውኃ ተውጧል። ሰዎች ሣጥን ደብቀው ቦታውን በስልክ ካርታ ላይ በነጥብ በሚጠቁሙበት ጨዋታ፣ ነጥቡ የሚያሳየው እዚያ ውኃው ውስጥ ነበር። ከእሷ በፊት የመጡት ሁሉ ጭቃውን ሲያምሱ ውለው፣ "ጠፍቷል" ብለው ተመልሰዋል። እሷ ግን እዚያው ጣና ዳር ያለችው የቁንዝላ ልጅ ናት። ክረምት ገብቶ ባሕሩ ሲሞላ፣ አባቷ የጎረቤቱን መረብ ሳይቀር ወደ ላይ ሲያወጣ አይታ ነው ያደገችው። እዚህ አገር የሰው ዕቃ ውኃ ሲወስደው ቆሞ የሚያይ የለም።

ሳበችው። ሣጥኑ ክዳኑ እንደተከደነ ወጣ።

"ቀስ ብለሽ ውረጂ" አሉ ሽማግሌው የወደብ ዘበኛ ከታች። "ሐምሌ ላይ ውኃው ሊወስደው ሲል እኔ ነኝ የሰቀልሁት። ያ ሁሉ ሰው ጭቃ ሲያቦካ፣ 'ምን ጠፋባችሁ?' ብል አንድም የነገረኝ የለም። ባለቤቱን ስጠብቅ ከረምሁ። አንቺ ነሽ?"

በጨዋታው ሕግ ሣጥኑ የማንም አልነበረም። ርሆቦት ግን ሽማግሌው እንዲያዩት ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

"እኔ ነኝ፣ አባባ" አለች። "መጣሁ።"