የመብራቱ ክፈፍ

የአንዲት አሮጌ መኪና ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ የፊት መብራቷን ክፈፍ አስመስሎ የሚያወጣ የተጋጨ መኪና ከሚጠግነው ከባትላሜራው በቀር የለም። የሚቀርጽበትን ፎርማ ያወጣው ያችኑ ከመሰለችው ከራሱ መኪና ክፈፍ ነው፤ በዝናብ አንድ እግረኛ ገጭቶ ሳይቆም ያመለጠ ዕለት ከሰረጎደው። ስርጉዱን በስቱኮ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ ሳይል ሥራውን ቀጠለ።

ከፎርማው የሚወጣው ሁሉ ግን እዚያው ቦታ ላይ ሰርጉዶ ይወጣል። "እጅህ ከዳህ መሰለኝ" ትለዋለች ሚስቱ ክፈፉን ስትወለውል።

ጭንቅ ሲለው ሌላ ፎርማ ሊያወጣበት ከአንድ ደንበኛ ከነማሸጊያው የተቀመጠ አዲስ የፋብሪካ ክፈፍ ተዋሰ። ሚስቱ ላስቲኩን ቀዳ አወጣችው። ያም እዚያው ቦታ ላይ ሰርጉዷል።

"ይሄስ በአንተ እጅ አላለፈም" አለች መዳፏን ስርጉዱ ላይ አሳርፋ። ያን ዝናባማ ማታ የራሱን መብራት ክፈፍ በስቱኮ ሲደፍን ያየችው ትዝ አላትና ቀና ሳትል ጠየቀችው።

"ዝናብ ላይ ጥለኸው የመጣኸው ማን ነው?"