በሶ የጠጣው ካሚዮን

«ራሴ ልሞክረው ወይስ መካኒክ እናስጠራ?» ይለኛል ባሌ ቢረሳው፣ ጭንቅላቱን ከካሚዮኑ ኮፈን ስር ሳያወጣ።

መካኒኩ ያለው ነገሌ ነው፤ እኛ ከአሬሮ ወጥተን ገና ግማሽ መንገድ አልደረስንም። ልጃችንን የምናስመዘግብበት የነገሌ ትምህርት ቤት ምዝገባ ነገ ጠዋት ያበቃል።

ልጃችን ወለተሐና ግራር ስር ተቀምጣ ሩቁን ታያለች። ከፊታችን መንገዱ ውሃ ሆኗል። ሐሩሩ የሚያሳየን እንጂ ውሃ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግመሎቹ ግን እስከ ጉልበታቸው ገብተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ቀስ ብለው ይሻገሩታል።

«ስንጠብቅ ቢመሽስ?» እላለሁ።

«ነካክቼ ባበላሸውስ?»

«እሱም አለ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ እንጂ!»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ ነው፣ ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ። ወለተሐና እንደ እኔ እንድትዘገይ አልፈልግም።

ቢረሳው ብቻውን ይወስናል፤ ራሱ ሊሞክረው ነው። ራዲያተሩን የበሳው ጠጠር ነው፤ ቀዳዳው የስንዴ ፍሬ ቢያክል ነው። ጎጃም ሳለ እናቱ የሚያፈስ ጋን በሊጥ ስትደፍን አይቷል። ለወለተሐና ስንቅ ካዘጋጀሁት በሶ እፍኝ ሙሉ ይዘግንና ራዲያተሩ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ውሃም ያፈስበታል።

ማንጠባጠቡ ይቆማል። ሞተሩ ይነሳል። ወለተሐና እየሳቀች ቀሚሷን ታራግፋለች። ጥቂት እንሄዳለን፤ ውሃው ፊት ፊታችን ይሸሻል። ከዚያ ኮፈኑ ስር አንድ ነገር ያፏጫል፣ ትኩስ ገንፎ መስታወቱን ያለብሰዋል።

ከኋላችን የመጣው ዱቤ፣ የአሬሮ ጎረቤታችን፣ ፍየል የጫነ መኪናውን ያቆማል።

«አካም፣ ናጋ?» ይላል፣ በኦሮምኛ ደህንነታችንን እየጠየቀ። መስታወታችንን በጣቱ ጠረግ አድርጎ ይቀምሳል። «አያ ቢረሳው! መኪናህንም ጎጃሜ አደረግከው? ጨው ይጎድለዋል።»

ቢረሳው አይስቅም። ከዚያ ይስቃል፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ።

«መካኒኩን ነገሌ ስደርስ እልክልሃለሁ» ይላል ዱቤ። ወደ እኔ ይዞራል። «እትዬ በዛብሽ፣ ጋቢናዬ ውስጥ አንዲት አራስ አለች፣ ከነልጇ። ከላይ ፍየል ነው። አንድ ቀጭን ሰው ግን አስጠጋለሁ።»

«ልጅቷን ብቻዋን?»

«ነገሌ እህቴ ሳዲያ ጋ ታድራለች። ጠዋት እጇን ይዛ ታስመዘግባታለች። ልጄ አይደለችም እንዴ?»

ቢረሳው ያየኛል። የልጄን ክንድ አጥብቄ መያዜን የማውቀው «እማዬ፣ አሳመምሽኝ» ስትለኝ ነው።

እለቃታለሁ።

አራሷ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ታስጠጋና ቦታ ትለቅላታለች። መኪናው ይነሳል። ቀዩ አቧራ አብሮት አይሄድም፤ አየር ላይ ቆሞ ይቆይና ትከሻችን ላይ፣ ሽፋሽፍታችን ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የፍየሎቹ ድምፅ፣ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ፣ ለረጅም ጊዜ ይሰማናል።

ወለተሐና ሄደች። እኔና ቢረሳው ቀረን።